የአሮጌ ፒካፕ ቬንትሌተር ወደ ኤሌክትሪክ ሲቀየር፦ ጥያቄና መልስ

አሮጌዋን ሃይሉክሴን ቺንጋ ከሚያዞረው ቬንትሌተር (ራዲያተሩን በአየር ከሚያቀዘቅዘው) ወደ ኤሌክትሪክ መቀየሬን ከነገርኳችሁ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። ከሽቦ፣ ከሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዞ ብዙውን የሚያበራ ስዊች) እና ከፊውዝ በቀር ዕቃው ሁሉ ከተፈቱ መኪኖች የወጣ ነው። እነሆ መልሱ።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ትግልብኛለች። ኤሌክትሪክ ባስገጥም ይሻለኛል?

መልስ፦ መጀመሪያ ለምን እንደምትግል እወቅ። ራዲያተሩ ከተደፈነ የትኛውም ቬንትሌተር አያድነውም። ክዳኑንም እይ። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ራዲያተሩ ውስጥ ቶሎ የማይፈላው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ነው። ጎማው የደረቀ ክዳን ግፊት አይዝም፤ እሱን ብቻ ቀይረህ ልትገላገል ትችላለህ። ቀጥሎ ፋን ክላቹ ነው፤ የቺንጋውን ቬንትሌተር ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው። ሞተሩ ግሎ ከጠፋ በኋላ ቬንትሌተሩን በእጅህ ግፋው። ዝም ብሎ ብዙ ዙር ከዞረ ክላቹ አልቆለታል።

ጥያቄ፦ የየትኛውን መኪና ልግዛ?

መልስ፦ ከስሙ ይልቅ ልኩ ይበልጣል። ያገለገለ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ስትሄድ ሜትር ያዝ። የራዲያተሩን ወርድና ቁመት፣ ከራዲያተሩ እስከ ውሃ ፓምፑ ያለውንም ክፍተት ለካ። ከነከቨሩ (ቬንትሌተሩን ከራዲያተሩ ጋር ከሚሸፍነው) ግዛ። ያለ ከቨር አየር የሚስበው ከፊቱ ካለው ክብ ብቻ ነው፤ የራዲያተሩ ጥግና ጥግ በከንቱ ይቀራል። ሻጩ «እንደ አዲስ ነው» ይልሃል። እሺ በለውና ባትሪ አስመጣ። አሥር ደቂቃ ይዙር። ከጮኸ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ከጋለ ተወው።

ጥያቄ፦ ባትሪ የሚሞላው ዲናሞዬ ይችለዋል?

መልስ፦ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው፤ ብዙ ሰው ግን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስታውሰው። የኔ ጥንድ ቬንትሌተሮች ሲዞሩ 24 አምፒር ይወስዳሉ፣ ሲነሱ ደግሞ ለቅጽበት ከእጥፍ በላይ። የፊት መብራት 9 አምፒር ገደማ፣ የዝናብ መጥረጊያ 5 ጨምር። ወደ 40 ተጠጋን። የአሮጌ ፒካፕ ዲናሞ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 አምፒር ነው፤ ያም ሞተሩ ሲፈጥን እንጂ መገናኛ ላይ ቆመህ አይደለም። በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጥ) ግማሹን ከሰጠህ ተመስገን በል። የጎደለውን ባትሪው ይከፍላል። እኔ 70 አምፒር ዲናሞ ከሌላ መኪና አውልቄ ገጠምኩ። ከቬንትሌተሩ ይልቅ ያደከመኝ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ በቀጥታ ከቁልፉ መስመር ብወስደውስ?

መልስ፦ አይሞከርም! መጀመሪያ ላይ ቀጭን የቤት ሽቦ ተጠቅሜ መብራት ላይ እንደቆምኩ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ኮፈኑን ስከፍት ሽቦው እንደ ማስቲካ ቀልጧል። አሁን ለእያንዳንዱ ቬንትሌተር የራሱ ሪሌና ባትሪው አጠገብ የራሱ ፊውዝ አለው፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ይሠራል። ዋናው ሽቦ 6 ስኩዌር ሚሊሜትር ነው። ሪሌውን የሚያዘው የሙቀት ስዊች ነው። ስዊቹ ቴርሞስታቱ (ውሃው ሲግል ወደ ራዲያተሩ መንገድ የሚከፍተው) ከሚከፈትበት ዲግሪ ከፍ ብሎ ነው መሥራት ያለበት። ቴርሞስታትህ 82 ከሆነ በ93 አካባቢ የሚበራ ፈልግ። ዝቅ ያለ ከገጠምክ ቬንትሌተሩ ቀኑን ሙሉ አያርፍም።

ጥያቄ፦ በትክክል መዞሩን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ራዲያተሩ ፊት ወረቀት አስጠጋ። ከተለጠፈ ደህና ነው። ከበረረ ሽቦውን ገልብጠሃል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የኔ አይሱዙ ናት፤ ጎጃም መስመር ጭነት አመላልሳለሁ። ላስቀይር?

መልስ፦ ተወው ልጄ። አንደኛ፣ ያንተ 24 ቮልት ከሆነች የቤት መኪና ቬንትሌተር 12 ነው፤ ይቃጠላል። ከአንዱ ባትሪ ብቻ ልውሰድ ካልክ አንዱ ይራባል፣ ሌላው ከመጠን በላይ ይሞላል። ሁለተኛ፣ ዓባይ በረሃ አለ። ከድልድዩ ወደ ደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ በከባድ ማርሽ ስትወጣ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናው አይፈጥን፤ የፊት ነፋስ የለህም። እዚያ ላይ የፋብሪካው ቬንትሌተር ከሞተሩ ጋር አብሮ ይፈጥናል። ከቤት መኪና የወለቀ ትንሽ ሞተር ያን ሁሉ አየር አይስብልህም። ፋን ክላቹን አሳድስ።

ጥያቄ፦ ያወለቅኩትን አሮጌ ቬንትሌተር ልሽጠው?

መልስ፦ አትሽጠው። የኔ አሁንም አልጋ ሥር አለ። ወደ አፋር ስወርድ ከነብሎኑ ከኋላ እጭነዋለሁ።