ፖሊስን ሸሽቶ ለሚነዳ ወጣት

ልጆቼ፣ ሰሞኑን አንድ ወጣት «ፖሊስ ቁም ሲለኝ በመኪና ባመልጥና በኋላ ብያዝ ስንት ዓመት ያስፈርድብኛል?» ሲል ጠየቀኝ። የዕቃ ዋጋ እንደሚያጣራ ሰው ነበር የጠየቀኝ።

ቁጥሩ ይህ ነው። በካሊፎርኒያ ማንም ሳይጎዳ እንኳ ተራ ሽሽት እስከ 1 ዓመት፣ ለሰው ደኅንነት ግድ በሌለው አነዳድ ከሆነ ደግሞ እስከ 3 ዓመት ያሳስራል፤ በሽሽቱ ሰው ክፉኛ ከቆሰለ እስከ 7፣ ከሞተ እስከ 10 ዓመት ይደርሳል። በካናዳ ክሱ በከባዱ መንገድ ከቀረበ የሽሽቱ ጣሪያ ራሱ 10 ዓመት ነው። በአውስትራሊያዋ የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ፖሊስ እያሳደደው አደገኛ በሆነ ሁኔታ የነዳ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ 3፣ ከደገመው እስከ 5 ዓመት ይታሰራል።

ይህን እየነገርኩት ሐሳቤ ያለው ግን በጥብቅና ዘመኔ ከቆምኩለት አንድ ልጅ ጋር ነበር። ትሑት ልጅ ነበር፤ እናቱ የትምህርት ቤት ምስክር ወረቀቶቹን በአቃፊ ይዛ በየቀጠሮው ትመጣ ነበር። ዳኛው «ለምን ሸሸህ?» ብለው ሲጠይቁት «መንጃ ፈቃዴ ጊዜው አልፎ ነበር» አለ። ይኸው ብቻ። ቢቆም ኖሮ የገንዘብ ቅጣት ከፍሎ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። እሱ ግን ቀይ መብራት ጥሶ አንድ ብስክሌተኛ ገጨ። ሰውየው በክራንች እየተደገፈ ችሎት ገብቶ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ልጁ አንድም ጊዜ ቀና ብሎ አላየውም።

«ደንግጦ ነው» ብዬ ተከራከርኩ። ድንጋጤው ቅጣቱን በጥቂቱ አቀለለት እንጂ ነጻ አላወጣውም። ሳይረኑን ሰምቶ፣ የፖሊሱን መብራት አይቶ ፍጥነት ጨምሯል፤ ሕግ «ሆን ብሎ» የሚለው ይህንን ነው። ሽሽቱ፣ አደገኛ አነዳዱና የአካል ጉዳቱ እያንዳንዳቸው ራሱን የቻለ ክስ ሆኑበት። ፍርዱ ሲነበብ እናቱ አቃፊውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ያን ልጅ የምታደግበት ቀዳዳ ሕጉ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ።

የዛሬ ወጣት ከእኛ ይልቅ መብቱን ያውቃል፤ በዚህ ደስ ይለኛል። ነገር ግን የፖሊስ ማሳደድን ቪዲዮ እንደ ጨዋታ ሲመለከትና ሲያጨበጭብ ሳይ እናደዳለሁ። የሚያመልጥም አለ፣ አልክድም። ሆኖም ሰሌዳ ቁጥር፣ የመንገድ ካሜራና ሬዲዮ ባለበት ዘመን የብዙዎቹ ማምለጥ እስከ ማግስቱ ነው።

ጨለማ ቦታ ላይ መቆም የሚያስፈራ ከሆነ ፍጥነት መቀነስ፣ የአደጋ መብራት ማብራትና ብርሃን ወዳለበት ቅርብ ቦታ በዝግታ መጠጋት ይቻላል። ይህ በየትኛውም ሀገር ዋስትና ይሆናል አልልም፤ ግን ለማምለጥ አለማሰባችሁን ያሳያል።

ከሾፌሩ ጎን ለተቀመጣችሁትም አንድ ነገር አለኝ። በዚያ ልጅ መኪና ውስጥ «ንዳው!» ያለ ጓደኛ ነበር። መሪ አለመጨበጥ ብቻውን አያድንም፤ ያደፋፈረም ሊከሰስ ይችላል። «አቁም፣ እኔ አብሬህ ወርጄ አናግራቸዋለሁ» የሚል ድምፅ ቢኖር ኖሮ ያ ብስክሌተኛ ዛሬ ያለ ክራንች ይሄድ ነበር።