«ላቁመው?»

ልጆቼ፣

ባዮሎጂ ልታጠኑ የተሰናዳችሁትን ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር ይቆጨኛል። ከብዙ ዓመት በፊት ከመስክ ስንመለስ ሾፌራችን መኪና የዳጠው እባብ አይቶ «ዶክተር፣ ላቁመው?» አለኝ። መሽቷል፣ ደክሞኛል። «የምናውቀው እባብ ነው፤ ንዳው» አልኩት።

ቁጭቱ የመጣው የደቡብ አውስትራሊያውን ነገር የሰማሁ ቀን ነው።

እዚያ ድንክ ሰማያዊ ምላስ የምትባል ስኪንክ አለች። ስኪንኮች ቆዳቸው ልሙጥና የሚያብረቀርቅ፣ እግራቸው አጫጭር የሆነ እንሽላሊቶች ናቸው። ይቺኛዋ ከነጅራቷ ከስንዝር አትበልጥም፤ ስሟ ሰማያዊ ቢልም ምላሷ ሮዝ ነው። በፈረንጆቹ 1863 ሳይንሳዊ ስም ወጣላት። ከ1959 ወዲህ ግን ያያት ስላልተገኘ ከምድር ጠፍታለች ተባለ። በ1992 ግርሃም አርምስትሮንግ የተባለ ሰው ቡራ ከተማ አጠገብ መንገድ ላይ የሞተ ቡናማ እባብ አገኘ። ሆዱ ሲከፈት እሷ ወጣች!

ፍለጋው ሲቀጥል በሕይወት ያሉትም ተገኙ፤ በጎች በሚግጡበት የገበሬ መሬት፣ ሸረሪት በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ። እሷ ራሷ አትቆፍርም። ሸረሪት ትቶት በሄደው ቀጭን ቀዳዳ ትገባና ራሷን ብቻ ብቅ አድርጋ ፀሐይ ትሞቃለች። ፌንጣ በደጇ ሲያልፍ ተወርውራ ትይዝና ተመልሳ ትገባለች። እንቁላል አትጥልም፤ በበጋው መጨረሻ ከአንድ እስከ አራት ትወልዳለች። ግልገሎቹም በሳምንታት ውስጥ ከእናታቸው ቤት ወጥተው የየራሳቸውን የሸረሪት ጉድጓድ ይፈልጋሉ። ያን ያህል ትንሽ ፍጡር፣ በባዶ ሜዳ ላይ ቤት ፍለጋ!

መሬቱ ሲታረስ ታዲያ ጉድጓዱም ሸረሪቷም አብረው ይሄዳሉ። እንሽላሊቷን አጠናለሁ የሚል ሰው ሸረሪቷን፣ ሣሩን፣ የበጉን ግጦሽ ሳያውቅ የትም አይደርስም። ተመራማሪዎቹ እንጨት ሰርስረው መሬት ውስጥ ቀበሩላት፤ ገብታ ኖረችበት። ይህን ያሰቡት ቀን ከሌት ቀዳዳዋን ስላጠኑ ነው፤ እኔ እንደዚህ ያለውን ትዕግሥት ከዲግሪ አስበልጬ አየዋለሁ።

መስክ ስትወጡ ሾፌሩ «ላቁመው?» ካላችሁ ውረዱ። ቦታውንና ቀኑን ወዲያው ጻፉ፣ ፎቶ አንሱ፣ ጓንት አድርጉ። የእባቡን ጭንቅላት ግን በእጃችሁ አትንኩ፤ እባብ ከሞተም በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ሊነድፍ ይችላል።