እህቴ ቤት ይታየኛል፣ መንገዱ ግን ያዞረኛል

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ ዳር፣ አያት አካባቢ ነው። የእህቴ ቤት ከበረንዳዬ ይታያል። ለመድረስ ግን ዋናው አስፋልት ወጥቼ፣ ባጃጅ ይዤ መዞር አለብኝ። ያደግኩበት መርካቶ እንዲህ አልነበረም። ከተማ ሲሰፋ መንገድ ይጠፋል እንዴ?

መልስ፦ መንገዱማ አለ፤ አይገናኝም እንጂ። መርካቶን ጣሊያኖች በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) እንደ ዳማ ሰሌዳ አሰመሩት። አንዱ ቢዘጋ በሌላው ውስጥ ለውስጥ ይሾልካሉ። ዳር ዳሩ ግን እያንዳንዱ ሳይት ለብቻው ይነደፋል። የሪል እስቴት ሰፈሩማ አንድ በር፣ አንድ ጥበቃ (እኔንማ መታወቂያ ይጠይቀኛል)። ኮብልስቶኑ ያምራል፤ መጨረሻው ግንብ ነው። ስለዚህ መኪናው ሁሉ አንድ አስፋልት ላይ ይፈሳል፣ ከዚያ "አስፋልቱ ጠበበ" ይባላል! ቤት ፈርሶ ይሠራል። የመንገድ መስመር ግን አንዴ ግራና ቀኙ ካርታ ከወጣበት በቀላሉ ንቅንቅ አይልም። ለእርስዎ የሚያዋጣው የእግረኛ መተላለፊያ ነው። ከግንቡ ሁለት ሜትር ቢከፈት ይበቃል። ጎረቤት አስተባብረው ወረዳውን ይጠይቁ።