ከጅማ አዲስ አበባ ሄዶ ባቡር ፎቶ ማንሳት ለሚፈልግ

ጥያቄህን አነበብኩት ወንድሜ። የምኖረው ጅማ ነው፣ ለጥቂት ቀናት አዲስ አበባ ልሄድ ነው፣ ባቡር ለማየትና ፎቶ ለማንሳት የት ልቁም፣ ስልክ ይበቃኛል ወይ፣ የድሮዎቹንስ ባቡሮች የት አገኛለሁ ነው ያልከው። እኔም የጅማ ሰው ነኝ። በቡና ሥራ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። ጉዳዬ በጊዜ ካለቀ የተረፈው ሰዓት ሁሉ የባቡር ነው። ቤተሰቦቼ አብዷል ይላሉ፤ ይበሉ።

ከሁሉ በፊት፣ ከተማውን አታካልል። አንድ ጥሩ ቦታ ምረጥና እዚያው ዋል። ከአያት ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ጦር ኃይሎች ሲሮጥ የዋለ ሰው ማታ ስልኩን ሲከፍት የሚያገኘው የባቡር ጀርባ ብቻ ነው።

እኔ የምመርጠው ከስታዲየም እስከ ልደታ ያለውን ነው። ቀላል ባቡሩ ሁለት መስመር አለው። አረንጓዴው ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሰማያዊው ከቃሊቲ ወደ መርካቶና ፒያሳ አቅጣጫ ነው። ሁለቱ ስታዲየም ጋ ይገናኙና ለገሀርን፣ ሜክሲኮንና ተግባረ ዕድን አልፈው እስከ ልደታ በአንድ ሐዲድ ይሄዳሉ። ከዚያ ይለያያሉ። እዚህ መሃል የቆመ ሰው የሁለቱንም ባቡር ያገኛል። ሌላ ቦታ የአንዱን ብቻ ነው የምትጠብቀው፤ ጥበቃው ደግሞ አንዳንዴ ያንገሸግሻል። ሐዲዱ እዚህ በድልድይ ላይ ነው የሚያልፈው። ከታች ሚኒባሱን፣ በር ላይ ተንጠልጥሎ የሚጣራውን ረዳትና ሎተሪ አዟሪውን፣ ከላይ ባቡሩን በአንድ ፎቶ ካስገባህ፣ የት እንደተነሳ መጻፍም አያስፈልግህ።

ብርሃኑን አስብበት። ይህ ክፍል በግምት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ነው። ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ፊቱ የሚበራው ከልደታ ወደ ስታዲየም የሚመጣው ባቡር ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ደግሞ በተቃራኒው ነው። እኩለ ቀን ላይ ሻይህን ጠጣ። ፀሐይ አናት ላይ ትወጣለች፣ የሾፌሩ መስታወት ይጠቁራል፣ የባቡሩ ጎን ጥላ ይሆናል። ወሩን መምረጥ ከቻልክ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ይሻልሃል። ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ፀሐይዋም ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ከሐዲዱ በስተደቡብ ከቆምክ አብዛኛውን ቀን ከኋላህ ናት።

አሁን ወደ ዋናው ራስ ምታት፣ ወደ ጥበቃዎቹ። አንዴ አንድ ጥበቃ አጠገቤ ቆሞ ያነሳሁትን በሙሉ አስጠፍቶኛል። ትልቅ ካሜራ ካየ የማይጠራጠር ጥበቃ የለም። ስለዚህ ትኬትህን ቁረጥ፣ መድረኩ ላይ ስትወጣ ሰላምታ ይቅደም፣ ምን ልታነሳ እንደሆነ ሳትጠየቅ ተናገር። አይሆንም ካሉህ አትከራከር፤ ፈቃድ ከየት እንደሚገኝ ጠይቀህ ውረድ። ከጅማ ስትመጣ በአየር ጤና በኩል ስለሆነ አረንጓዴውን ጦር ኃይሎች ላይ መሳፈር ይቀናሃል፤ ግን እዚያ ወታደራዊ ሆስፒታል ስላለ ካሜራህ ከቦርሳ ባይወጣ ይሻላል።

ሰበታንም አትዘልለው። ከጅማ ስንመጣ መጀመሪያ የምናገኘው ሐዲድ የእሱ ነው። የጅቡቲው መስመር ከዚያ ተነስቶ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። የተመረቀው በመስከረም 2009 ዓ.ም. ነው። ወደ ጅማ የሚመጣ መስመርም በመንግሥት ዕቅድ ውስጥ ነበር፤ እስኪመጣ ሄደን እናያለን። መስከረም ላይ ከሄድክ አደይ አበባውን ከፊት አድርገህ ሐዲዱን ከኋላ ታስገባለህ። ባቡሩን ራሱን ከፈለግክ ግን ወደ ፉሪ ለቡ ጣቢያ ተሻገር፤ መንገደኛው የሚሳፈረው እዚያ ነው። አንድ ነገር ልብ በል፦ የከተማው ባቡር ሽቦ 750 ቮልት ነው፣ የዚህኛው 25,000 ቮልት። እንዲህ ያለ ኤሌክትሪክ ሳትነካውም፣ በመጠጋት ብቻ ይይዝሃል። ድልድይ ላይ ቆመህ የሰልፊ ዱላ እንዳትዘረጋ።

ስልክ ይበቃሃል። ዙሙን ግን እርሳው፣ በእግርህ ተጠጋ። የሚሄድ ባቡር እንዳይደበዝዝ ሸተሩን፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ፣ 1/500 ሰከንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ አድርግ። ባቡሩ ጥርት ብሎ ከበስተኋላው ያለው እይታ እንዲፈስ ከፈለግክ ደግሞ 1/60 አድርገህ፣ ባቡሩን በስልክህ እኩል እየተከተልክ ተጫን። ልምምዱን እዚሁ ጅማ ጨርሰው። ሂርማታ ጋ ወደ ምሽት 12 ሰዓት ቁምና ባጃጅ አንሳ። ቀን ላይ በ1/60 ሁሉም ነገር ነጭ ይሆንብሃል። ባጃጅ ከቀላል ባቡር ይልቅ ያስቸግራል፤ መቼ እንደሚታጠፍ አይታወቅማ!

የድሮዎቹን በተመለከተ፣ የለገሀር ጣቢያ ሕንፃ ከስታዲየም በእግር ቅርብ ነው። የይሁዳ አንበሳ ሐውልትም ፊት ለፊቱ አለ። የድሮው የጅቡቲ ሐዲድ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ስፋቱ 1 ሜትር ብቻ ነበር፣ የአሁኑ 1.435 ሜትር ነው። አሮጌ ሎኮሞቲቭና ወርክሾፕ ማየት ከሆነ ፍላጎትህ ግን ድሬዳዋ ነው መሄድ ያለብህ። ከዚህ ጉዞ ጋር አትደርበው። ሌላ ጊዜ ከለቡ ተሳፍረህ ሂድ፤ ቲኬቱን ቀደም ብለህ ቁረጥ፣ መስኮት ጋ ያለ ወንበርም ጠይቅ።