አሲድ በሃይላንድ አታስቀምጡ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ከጋራዥም ከጓዳም የመጡ ናቸው። ሁሉም ስለሚያቃጥሉ ኬሚካሎች ነው።

«አቦ፣ ሳቢያን አካባቢ ባጃጅ እነዳለሁ። የባትሪዬ ውሃ ቶሎ ቶሎ ይጎድላል። አሲድ ልጨምርበት?»

አይሆንም ወንድሜ። የሚጎድለው ውሃው ነው፤ አሲዱ እዚያው ይቀራል። በድሬዳዋ ሙቀት ደግሞ ቶሎ ይጎድላል። አሲድ በጨመርክ ቁጥር ውስጡ እየከረረ ሄዶ ባትሪውን ይበላዋል። ለባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ ብቻ ጨምር። የቧንቧ ውሃም አይሁን፤ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ታውቀዋለህ። ቻርጅ ሲደረግ አጠገቡ ሲጋራ አታጭስ፤ የሚወጣው ሃይድሮጅን በእሳት ፍንጣሪ ይፈነዳል።

«ልጄ ጋራዥ ይሠራል። የተረፈ አሲድ በሃይላንድ አምጥቶ አልጋ ሥር አስቀምጧል። ችግር አለው?» (እናት፣ ከገንደ ቆሬ)

አለው እናቴ፣ ትልቅ ችግር አለው። ዛሬውኑ ወደ ጋራዡ ይመልሰው። የባትሪ አሲድ ከክብደቱ ሲሶ ያህሉ ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ቀለም የለውም፤ ሲያዩት ውሃ ይመስላል። በዚህ ሙቀት ከጨዋታ የተመለሰ ልጅ ሃይላንድ ካየ አንስቶ ይጠጣል እንጂ አይጠይቅም። ይህን ሳስብ ሆዴ ይባባል።

አያድርገውና ልጅ ቢጠጣ፣ እንዲያስመልሰው አታድርጉ፤ ሲወጣም ጉሮሮውን ዳግም ያቃጥለዋል። አፉን በውሃ አጉመጥምጦ ይትፋ። ሎሚም ሆነ ሌላ ማርከሻ አትስጡት። ጠርሙሱን ይዛችሁ በቀጥታ ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ሂዱ።

ቆዳ ላይ ከፈሰሰ ልብሱን አውልቁና ቢያንስ 20 ደቂቃ ውሃ አፍስሱበት። ዓይን ከሆነ ቆቡን ከፍታችሁ ያዙ፤ እየታጠበ ይቆይና ወደ ሐኪም። ቧንቧው በሚጠፋበት ሰፈር ደግሞ አሲድ የሚነካ ሁሉ አንድ ሙሉ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለዚሁ ብቻ ያስቀምጥ። በደቂቃ አንድ ሊትር ብታፈሱ ልክ 20 ደቂቃ ይበቃል።

«ተደራጅተን ፈሳሽ ሳሙና እንሠራለን። ካስቲክ ሶዳ እጄን ሲነካኝ ያሟልጨኛል እንጂ አያመኝም። በአሉሚኒየም ድስት ስበጠብጠው ደግሞ ይፈላል። ለምን?»

እህቴ፣ የሚያሟልጭሽ የገዛ ቆዳሽ ነው። ካስቲክ የቆዳሽን ስብ ወደ ሳሙና እየለወጠው ነው። ሕመሙ ዘግይቶ ስለሚመጣ ሰው ይዘናጋል፤ እሱ ግን ወደ ውስጥ ይሰረስራል። ዱቄቱን ቶሎ አራግፈሽ በብዙ ውሃ ታጠቢ። ድስቱንም ተይው፤ ካስቲክ አሉሚኒየም ይበላል፤ የሚፈላው የሚቀጣጠል ጋዝ ነው። ወፍራም የፕላስቲክ ባልዲ ይሻላል። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከዚያ ካስቲኩን ጥቂት በጥቂት። ውሃውን በካስቲኩ ላይ ካፈሰስሽው በአንዴ ግሎ ፊትሽ ላይ ይረጫል። ጋራዥ ላሉትም ያው ነው፤ አሲዱ ወደ ውሃው እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይጨመርም። የላስቲክ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ደግሞ ለሁላችሁም ግዙ፣ ለአንዷ ብቻ አይደለም።

«በረኪናን አሲድ ካለበት የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ባደባልቀው ይበልጥ ያጸዳል?»

በፍጹም! ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ጠባብ ሽንት ቤት ውስጥ ሳንባ ይጎዳል። አንዴ ደባልቀሽው ከሆነ አትጥረጊው። በሩን ከፍተሽ ውጪ፤ ካሳለሽ ወይም በተነፈስሽ ቁጥር ደረትሽን ካጠበበሽ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ።