ጨነቅ ላይ ለምታድሩ፦ ብርዱ የሚመጣው ከስር ነው

ወንድሜ፣ በጥር ሰሜን ተራሮች ልትወጣ ነው፣ ጨነቅ የሚባለው የካምፕ ቦታ ላይ በድንኳን ለማደር ስንት ብርድ ልብስ እንደሚበቃህ ጠይቀሃል። እኔ እዛ አራት ጊዜ አድሬያለሁ። የብርድ ልብሱን ቁጥር ለጊዜው ተወውና ከስርህ ምን እንደምታነጥፍ አስብ።

መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ሶስት ብርድ ልብስ ደረብኩ፣ ከስር ግን ያነጠፍኩት ስስ ምንጣፍ ነበር። ቦታው 3600 ሜትር አካባቢ ነው፤ በታህሳስና በጥር ሰማዩ ጥርት ስለሚል መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይለቀዋል፣ ውርጭ ይጥላል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ዳሌዬና ትከሻዬ ደንዝዞ ነቃሁ። ከላይ ሞቆኛል፣ ከስር ግን መሬቱ ሙቀቴን ሲመጠው ነው ያመሸው። ትንፋሼ ድንኳኑ ላይ በረዶ ሰርቶ ስነካው እንደ ዱቄት ፊቴ ላይ ረገፈ። ጠዋት ስካውታችን (አብሮን የሚሄደው የፓርኩ ጠባቂ) ይህን ሲሰማ «ጋቢህን ከስር አንጥፈው» አለኝ። ማታ አጥፌ አነጠፍኩት፣ እስኪነጋ አልነቃሁም።

ስሊፒንግ ባግም ቢኖርህ ያው ነው። የተኛህበትን በኩል ክብደትህ ይጨፈልቀዋል፣ አየር ካልያዘ ደግሞ አያሞቅም። ስለዚህ ወፍራም ስፖንጅ ያዝ፣ ከተቻለ ሁለት።

ቀን ያላበህበትን ልብስ ለብሰህ አትተኛ፣ ለመኝታ ብቻ የሚሆን ደረቅ ካልሲና ኮፍያ ለብቻው አስቀምጥ። ማታ በሶ ብላ፤ ሆድ ባዶ ከሆነ ሰውነት ሙቀት የሚሰራበት የለውም። ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ሞልተህ በካልሲ ጠቅልለህ ጭንህ መሀል አድርገው፣ እንደፈላ ግን አትሙላው፣ ፕላስቲኩ ይኮማተራል። ሽንት ከመጣህ ተነስ፣ ይዘህ አትደር። አረቄ ያሞቃል የሚሉህን አትስማ፤ ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚያወጣው የሞቀህ ይመስልሃል እንጂ የውስጥ ሙቀትህን ነው የሚያስወጣብህ።

አንድ ነገር ግን እለምንሃለሁ፣ ከሰል ድንኳን ውስጥ እንዳታስገባ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ እንቅልፍ ላይ እያለህ ይገድላል። ከጓደኞችህ አንዱ «ደጅ ተቀጣጥሎ ፍም ሲሆን ችግር የለውም» ሊል ይችላል፤ ፍሙም ያው ነው። ይሉኝታ እንዳይዝህ፣ ራስህ አንስተህ አውጣው።