የዶሮ ጥያቄዎቻችሁ፦ ከዝርያው በፊት በሩን

በዚህ ሰሞን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ግማሾቹ «የትኛው ዝርያ ይሻላል?» ይላሉ፤ ግማሾቹ «አውሬ ጨረሰብኝ» ይላሉ። ሁለቱን አንድ ላይ የጠየቀ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለእሱ ረዘም አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ አውራ ዶሮ የለኝም። ዶሮዎቼ እንቁላል ይጥላሉ?

መልስ፦ ይጥላሉ። አውራ የሚያስፈልገው ጫጩት ለሚፈልግ ነው።

ጥያቄ፦ አንዲት እናት ሜዳ ላይ ጭረው የሚውሉ ዶሮዎች ሊያረቡ ነው። «ማብራሪያ አልፈልግም፣ የምርጡን ዝርያ ስም ብቻ ንገረኝ» ብለዋል።

መልስ፦ ለምን እንደሚፈልጓቸው አልነገሩኝማ! ለእንቁላል ብቻ ከሆነ ሌግሆርን አለችልዎት፤ ክብደቷ ቀላል ነው፣ ነጭ እንቁላል በብዛት ትጥላለች። ግን ድንጉጥ ናት፤ መታቀፍም ብዙም አይሆንላትም። እንቁላሉም ሥጋውም ይሁንልኝ ካሉ ሮድ አይላንድ ሬድ ወይም ፕሊማውዝ ሮክ ይሻላሉ። የግብፅዋ ፋዩሚ እንቁላሏ አነስ ቢልም ቀልጣፋና ንቁ ስለሆነች ለሜዳ መጀመሪያ የማስባት እሷን ነው። በእጄ ልያዛት ካሉ ግን ከወዲሁ ሩጫ ይለማመዱ።

ለሥጋ የተዳቀሉትን ፈጣን አዳጊዎች ሜዳ ላይ አይልቀቋቸው፤ ገላቸው ስለሚከብድ ሮጠው አያመልጡም። ጉትያቸው ዓይናቸው ላይ የሚወድቅባቸው ጌጠኞችም ጭልፊቱን የሚያዩት ካረፈባቸው በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ አንባቢ ከ14 ዶሮዎቻቸው 9ኙን ጠዋት ሞተው አገኟቸው። ሁሉም አንገታቸው ላይ ተነክሰዋል፤ አንዷም አልተበላችም። «ቤታቸው በሽቦ የታጠረ ነው። ራሱን የሚከላከል ዝርያ ይኖር ይሆን?»

መልስ፦ የለም። ሌሊት ላይ ዶሮ ሁሉ ዝርያው አንድ ነው፤ ዕውር። የዶሮ ዓይን በጨለማ እምብዛም አያይም። ቆጥ ላይ ከሰፈረች በኋላ ያቺ ቀልጣፋ ፋዩሚም ብትሆን እንደ ፍሬ ትለቀማለች።

ገድሎ ሳይበላ መሄዱ ክፋት መስሎዎት ይሆናል። ሸለምጥማጥና መሰሎቹ ሜዳ ላይ አንዷን ሲይዙ ሌሎቹ ይበተናሉ። በተዘጋ ቤት ውስጥ ግን መውጫ የለም፤ ክንፍ በተራገበ ቁጥር አዳኙ ይነክሳል። ውሻም እንዲሁ ሳይበላ ይፈጃል፤ የእሱ ንክሻ ግን የትም ያረፈና የተቦጫጨቀ ነው። ዶሮዋ ከነአካሏ ጠፍታ ላባዋ በመንገድ ላይ ተንጠባጥቦ ቢሆን ኖሮ ቀበሮን እጠረጥር ነበር።

ወደ ሽቦው ልምጣ። ባለ ስድስት ማዕዘኑ ስስ የዶሮ ሽቦ ዶሮ እንዳትወጣ ያደርጋል እንጂ አውሬ እንዳይገባ አያደርግም። ውሻ በጥርሱ ይበጥሰዋል፤ ቀጫጭኖቹ አውሬዎች 2.5 ሳንቲ ሜትር በሆነ ቀዳዳ ይሾልካሉ። ቀዳዳው 1.3 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ጠንካራ ወንፊት ሽቦ ይግዙ። ግርጌውን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቅበሩት። መሬቱ አልቆፈር ካለ ወደ ውጭ አጥፈው ያንጥፉትና ድንጋይ ይጫኑበት፤ ቆፋሪ አውሬ የሚጀምረው ከግድግዳው ሥር ነው። ቆጡንም ከሽቦው ያርቁት፤ አንገቷ ተቆርጦ የተገኘች ዶሮ ብዙ ጊዜ በቀዳዳው በኩል ተጎትታ ነው።

ግን አንድ ነገር ልብ ብያለሁ። ስለ ሽቦው አንድ ሙሉ ገጽ ጽፈዋል፤ ስለ በሩ አንድም ቃል የለም። እኔም አንድ ምሽት እንግዳ መጥቶብኝ «ትንሽ ቆይቼ እዘጋለሁ» ብዬ ረሳሁት። ጠዋት የተረፈችኝ ጣራ ላይ ያደረችው አንዷ ብቻ ነበረች። በማግስቱ ቁልፍ ገዛሁ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ዶሮ ሲመሽ በራሷ ትገባለች፤ የእርስዎ ድርሻ ቆጥሮ መዝጋት ነው። መቁጠሩን እንዳይዘሉት፤ የጎደለችው ቁጥቋጦ ሥር ታቅፋ ይሆናል፤ እዚያው 21 ቀን ከነእንቁላሏ ታድራለች ማለት ነው፣ አውሬው ከፈቀደላት።

ጥያቄ፦ ጭልፊት በቀን ጫጩት ይወስዳል። ያቆምኩት ማስፈራሪያ ላይ አሁን ራሱ ያርፍበታል።

መልስ፦ በየሁለት ሦስት ቀኑ ቦታ የማይቀይር ማስፈራሪያ ለጭልፊት መቀመጫ ነው። ጫጩቶቹ ከላይ መረብ ባለው ቦታ ይዋሉ፤ ለትልልቆቹ ሮጠው የሚገቡበት ቁጥቋጦ ወይም ዳስ ይኑር። ንቁ አውራም ይጠቅማል፤ ከሰማይ ለሚመጣው አደጋ የሚያሰማው ድምፅ ከምድር ለሚመጣው ከሚያሰማው የተለየ ነው፤ ዶሮዎቹም ለይተው ያውቁታል። ወፉን መግደል በብዙ አገር በሕግ ያስጠይቃል፤ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሥጋ ላይ መርዝ አድርጌ ባስቀምጥስ?

መልስ፦ አይሆንም። የሚበላው ውሻዎ፣ የጎረቤት ድመት ወይም ጥንብ አንሳ ነው። ልጅ ካለ ደግሞ መቀጠል አልፈልግም።

ጥያቄ፦ ሦስት ዶሮዎች ምንም ቁስል ሳይኖርባቸው በሁለት ቀን ውስጥ ሞቱ። አውሬ አስደንግጧቸው ይሆን?

መልስ፦ አውሬውን ለጊዜው ይተዉት። ዛሬውኑ የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ፤ ነገ አይበሉ። አንገት መጠማዘዝ፣ የትንፋሽ ችግር ወይም አረንጓዴ ተቅማጥ ካዩ ፈንግል ሊሆን ይችላል፤ ክትባት እንጂ ፈውስ የለውም። የወፍ ጉንፋንም ሊሆን ይችላል፤ እሱ ሰውንም ይይዛል። ሐኪሙ እስኪመጣ የሞቱትን በባዶ እጅ አይንኩ፣ አይብሉ፣ ለውሻ አይጣሉ፤ የቀሩትንም አይሽጡ።

ጥያቄ፦ እባብ እንቁላል እየበላብኝ ነው። ጎጆው ውስጥ የማገኘው ቅርፊት ብቻ ነው።

መልስ፦ እባብ ከነቅርፊቱ ይውጣል፤ ቅርፊት ትቶ የሚሄድ እባብ አብዛኛውን ጊዜ ላባ አለው። የዶሮዎችዎን መንቆር ይመልከቱ፤ አስኳል የደረቀባት እሷ ናት።